ቁጥሮችን በመደብ ከፍሎ ሂስቶግራም መሥራት፦ ከጣና ዓሣ እስከ ባሕር ዳር ዝናብ

አንድ ዓይነት 24 ቁጥር ይዘው ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ሂስቶግራም (በየመደቡ ስንት ቁጥር እንዳለ በአሞሌ የሚያሳይ ሥዕል) ሊያወጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም የመቁጠር ስህተት ሳይሠሩ። ልዩነቱን የሚፈጥረው የመደቦቹ፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚከፋፈሉባቸው ክልሎች፣ ወሰን ነው፦ ከየት እንደሚጀምሩ፣ ምን ያህል ስፋት እንዳላቸው፣ ወሰኑ ላይ የወደቀ ቁጥር ወደ የትኛው ጎን እንደሚገባ። ይህን ምርጫ ለፕሮግራሙ ከተዋችሁት ፕሮግራሙ ይመርጥላችኋል። ዓሣው በምን መለኪያ እንደተለካ ግን አያውቅም። የዚህ መመሪያ ዋና ምክር ወሰኖቹን ራሳችሁ ወስናችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁጠሩ የሚል ነው።

ምሳሌዎቹ የተወሰዱት በባሕር ዳርና በሐይቁ ዳርቻ ዘወትር ከሚመዘገቡ የመረጃ ዓይነቶች ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው። ስለ ኮድ ስናወራ በዋናነት የፓይተንን ቋንቋ ከሦስት ተጨማሪ መሣሪያዎቹ ጋር እንይዛለን፦ ነምፓይ (NumPy፣ ለስሌት)፣ ፓንዳስ (pandas፣ ለሠንጠረዥ) እና ማትፕሎትሊብ (Matplotlib፣ ለሥዕል)፤ ኤክሴልና የስታቲስቲክስ ቋንቋው አር (R) የሚለዩበት ቦታ ላይ እንጠቁማለን።

መጀመሪያ የመለኪያውን አሃድ እወቁ

ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት ለአንድ ጥያቄ መልስ ያስፈልጋችኋል፦ በዚህ መረጃ ውስጥ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ቢያንስ በስንት ይራራቃሉ? ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ በሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ተለክቶ ወደ ሙሉ ቁጥር ከተጠጋጋ አሃዱ 1 ነው። የዝናብ መለኪያው እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ከሆነ አሃዱ 0.1 ነው። ከዚህ በኋላ ያለው አብዛኛው ውሳኔ የሚመነጨው ከዚህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የጎደሉትን መዝገቦች ፈልጉ። የአየር ሁኔታ ሰንጠረዦች ውስጥ ያልተለካ ቀን ብዙ ጊዜ በ-99 ወይም በ-999 ይሞላል። እነዚህን ሳታወጡ ሂስቶግራም ከጠየቃችሁ ሥዕሉ ከ-999 ይጀምርና እውነተኛው መረጃ በአንድ ቀጭን አሞሌ ውስጥ ይታፈናል። በፓንዳስ ፋይሉን ስታነቡ እነዚህ ቁጥሮች እንደ ባዶ እንዲቆጠሩ እዘዙ፤ ስንት እንደወጡም ጻፉ።

አሁን የቆሮሶዎቹን ርዝመት በሴንቲ ሜትር እንውሰድ፦

16፣ 17፣ 18፣ 18፣ 19፣ 20፣ 20፣ 20፣ 20፣ 21፣ 22፣ 22፣ 23፣ 24፣ 25፣ 25፣ 25፣ 25፣ 26፣ 27፣ 28፣ 30፣ 30፣ 34

20 እና 25 አራት አራት ጊዜ መደጋገማቸውን አስተውሉ። ጀልባ ዳር በጥድፊያ የሚለካ ሰው ወደ 0 እና ወደ 5 ማጠጋጋት ይቀናዋል። 19 ወይም 21 የነበረው ዓሣ 20 ተብሎ ይጻፋል። መደቦቻችሁ ይህን ክምችት ካላገናዘቡ የለካውን ሰው ልማድ የዓሣው ባሕርይ አድርገው ያሳያሉ።

ነባሪው 10 መደብ የሚፈጥረው የሐሰት ሸለቆ

ነምፓይም ማትፕሎትሊብም ምንም ካልነገራችኋቸው ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ርቀት 10 ቦታ ይከፍላሉ። በእኛ መረጃ ርቀቱ 34 − 16 = 18 ስለሆነ ስፋቱ 1.8 ይወጣል። ወሰኖቹ 16፣ 17.8፣ 19.6፣ 21.4፣ 23.2፣ 25፣ 26.8፣ 28.6፣ 30.4፣ 32.2፣ 34 ይሆናሉ። ቆጠራው ደግሞ 2፣ 3፣ 5፣ 3፣ 1፣ 5፣ 2፣ 2፣ 0፣ 1 ነው።

ሥዕሉን ያየ ሰው ሁለት ጉብታ፣ በመካከላቸውም ጥልቅ ሸለቆ ያያል፤ «ሁለት የዕድሜ ክፍል አለ» ብሎ ሪፖርት ሊጽፍም ይችላል። ነገር ግን አምስተኛውን መደብ፣ ከ23.2 እስከ 25 ያለውን፣ መርምሩት። በውስጡ ሊገባ የሚችለው ሙሉ ቁጥር 24 ብቻ ነው። የቀሩት መደቦች ሁሉ ሁለት ሁለት ሙሉ ቁጥር የመያዝ ዕድል አላቸው። ሸለቆውን ከቆፈሩት ምክንያቶች አንዱ ይህ የክፍፍል ስሌት ነው፤ ሁለተኛው ከጎኑ ያለው የ25 ክምችት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው፦ የመደብ ስፋት የአሃዱ ሙሉ ብዜት ይሁን። አሃዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 1፣ 2፣ 3 ወይም 5 ይሁን እንጂ 1.8 ወይም 3.6 አይሁን። አሃዱ 0.1 ከሆነ 0.5 ይሆናል፣ 0.25 አይሆንም።

ስንት መደብ?

የታወቁት ቀመሮች መነሻ ይሰጧችኋል፣ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጧችሁም። በእኛ 24 ዓሣ ላይ እያሰላን እንለፍባቸው።

የስተርጅስ ቀመር (እ.ኤ.አ. 1926) የመደቦቹን ብዛት 1 ሲደመር የመዝገቦቹ ብዛት ሎጋሪዝም በመሠረት 2 ያደርገዋል። የ24 ሎጋሪዝም 4.58 ስለሆነ 5.58 ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲጠጋ 6 መደብ፣ ማለትም ስፋቱ 18 ÷ 6 = 3። የስኮት ቀመር (እ.ኤ.አ. 1979) በቀጥታ ስፋት ይሰጣል፦ 3.49 ሲባዛ በስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው) ሲካፈል ለመዝገቦቹ ብዛት ኩብ ሩት። የእኛ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 4.56፣ የ24 ኩብ ሩት 2.88 ስለሆነ ስፋቱ 5.5 ገደማ ነው። የፍሪድማንና ዲያኮኒስ ቀመር (እ.ኤ.አ. 1981) ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ትቶ የመካከለኛውን ግማሽ ስፋት ይጠቀማል፦ ከታች አንድ አራተኛውን፣ ከላይ አንድ አራተኛውን ቆርጣችሁ የቀረው። የእኛ ከ20 እስከ 25.25 ስለሆነ 5.25 ነው፤ 2 ሲባዛ በ5.25 ሲካፈል ለ2.88 ደግሞ 3.64 ይሰጣል።

እንግዲህ አንዱ 3፣ አንዱ 3.6፣ አንዱ 5.5 ይላል። በእነዚህ መካከል ካሉት ለአሃዱ የሚስማሙት 3፣ 4 እና 5 ናቸው። እኔ 5ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ክምችቱ በየ5ቱ ስለሆነ ስፋቱ 5 ሲሆን እያንዳንዱ መደብ አንድ ክምችት ብቻ ይይዛል። ስፋቱ 3 ቢሆን አንዱ መደብ ክምችት ይዞ ቀጣዩ ባዶውን ይቀራል፤ ሥዕሉም ጥርስ ያወጣል።

በነምፓይ «አውቶ» (auto) ብላችሁ ስታዙ ከስተርጅስና ከፍሪድማን–ዲያኮኒስ ስፋቱ ያነሰውን ይወስዳል። አብዛኞቹ መዝገቦች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ለምሳሌ ከሦስት አራተኛ በላይ ቀናት ዝናብ ከሌላቸው፣ የመካከለኛው ግማሽ ስፋት ዜሮ ይሆንና የፍሪድማን–ዲያኮኒስ ቀመር ዋጋ ያጣል። ያኔ ነምፓይ ምንም ሳይናገር ወደ ስተርጅስ ይመለሳል።

ወሰኑ ላይ የወደቀው ቁጥር

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ስፋት 5 ይዘን ከ15 እንጀምር፦ 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ 35። አሁን 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑት አራቱ ዓሣዎች ወደ የት ይግቡ?

ግራውን ወሰን ያካተተ ክፍፍል (15 ከነራሱ፣ 20 ሳይጨምር) ቆጠራውን 5፣ 9፣ 7፣ 3 ያደርገዋል። ቀኙን ወሰን ያካተተው ደግሞ 9፣ 9፣ 5፣ 1 ይለዋል። መረጃው ያው ነው፣ ስፋቱ ያው ነው፣ መነሻው ያው ነው። አንደኛው በመካከል ከፍ ያለ፣ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ ሥዕል ይሰጣል።

ፕሮግራሞቹም እርስ በርስ አይስማሙም። የነምፓይ ሂስቶግራም ግራውን ያካትታል፤ የመጨረሻው መደብ ግን ሁለቱንም ወሰን ይይዛል። መደብ የሚከፍለው የፓንዳስ ፈንክሽን ከት (cut) ቀኙን ያካትታል። የአር ሂስቶግራም ቀኙን ያካትታል፣ የመጀመሪያው መደብ ግን ዝቅተኛውን ወሰንም ይወስዳል። የኤክሴል ፍሪኩዌንሲም (FREQUENCY) የላይኛውን ወሰን ጨምሮ ይቆጥራል። አንዱ ጓደኛ በኤክሴል፣ ሌላው በነምፓይ ሠርተው ውጤታቸው ሳይገጥም ሲቀር መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

በፓንዳስ ከት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ወሰኖቹን ራሳችሁ ከሰጣችሁ ልክ 15 የሆነ ዓሣ ከየትኛውም መደብ ውጭ ይቀርና ባዶ ይሆናል፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። «ኢንክሉድ ሎዌስት» (include_lowest) የሚለውን ትሩ (True) አድርጉት፣ ወይም «ራይት»ን (right) ፎልስ (False) አድርጉና እንደ ነምፓይ ግራውን አካቱ። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ደግሞ ልክ 35 የሆነው ዓሣ ስለሚወድቅ የላይኛውን ወሰን በአንድ መደብ አስፉት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ወሰኑን ማንም ቁጥር ሊያርፍበት በማይችል ቦታ ማስቀመጥ ነው፦ በግማሽ አሃድ ላይ። ለዓሣዎቻችን 12.5፣ 17.5፣ 22.5፣ 27.5፣ 32.5፣ 37.5 ብንል 20፣ 25 እና 30 የየመደባቸው መካከል ይሆናሉ። ወደ 20 የተጠጋጉት 19ኞችና 21ዶችም ከእውነተኛ ቦታቸው አልወጡም። ቆጠራው 2፣ 10፣ 8፣ 3፣ 1 ነው፤ ድምሩ 24። ነምፓይም ፓንዳስም አርም ኤክሴልም ይህንኑ ይሰጣሉ፣ ምክንያቱም ወሰን ላይ የሚከራከሩበት ቁጥር የለም። ሸለቆውም ጠፋ።

በኮድ መቁጠር

በእጅ ለመጻፍ አንድ መስመር ስሌት ይበቃል፦

የመደብ ቁጥር = ወለል((ዋጋ − መነሻ) ÷ ስፋት)

«ወለል» ማለት ወደ ታች ወዳለው ሙሉ ቁጥር ማውረድ ነው። መነሻ 12.5፣ ስፋት 5 ከሆነ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ (24 − 12.5) ÷ 5 = 2.3፣ ስለዚህ መደብ 2 ነው፤ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ሦስተኛው መደብ ማለት ነው። በመደቦቹ ብዛት ልክ ዜሮ የተሞላ ዝርዝር አዘጋጁና ለእያንዳንዱ ዓሣ በተገኘው ቦታ ላይ 1 ደምሩ።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። የመጀመሪያው አሉታዊ ቁጥር ነው። የሐይቁን ከፍታ ከአማካዩ ያለውን ልዩነት ስትመድቡ -0.5 እና 0.5 ይመጣሉ። ከ«ወለል» ይልቅ ክፍልፋዩን ብቻ የሚቆርጠውን «ኢንት»ን (int) ከተጠቀማችሁ ሁለቱም ወደ 0 ይቆረጡና በአንድ መደብ ይገባሉ፤ በዜሮ ዙሪያ ያለው መደብ በእጥፍ ይሰፋል። ሁለተኛው ነጥብ ያለው ቁጥር ነው። ፓይተን 0.3 ሲካፈል ለ0.1 ሲጠየቅ 2.9999999999999996 ይላል፤ ወለሉ 2 ይሆናል፣ መሆን የነበረበት ግን 3 ነው። መፍትሔው ቁጥሩን በ10 አባዝቶና አጠጋግቶ ወደ ሙሉ ቁጥር መቀየር ነው፤ የዝናብ 0.3 ሚሊ ሜትር 3 አሥረኛ ሆኖ ይቆጠር።

በነምፓይ ሲሆን ወሰኖቹን በሊንስፔስ (linspace) ሥሩ። 5 መደብ 6 ወሰን እንዳለው አትርሱ፤ ከ12.5 እስከ 37.5 ድረስ 6 ነጥብ ጠይቁ። ኤሬንጅን (arange) ነጥብ ባለው እርምጃ ከተጠቀማችሁ የመጨረሻው ወሰን አንዳንዴ ይጨመራል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ከዚያ መረጃውንና ወሰኖቹን ለሂስቶግራም ፈንክሽኑ ስጡ፤ ቆጠራውንና ወሰኖቹን ይመልሳል። የእያንዳንዱን ዋጋ የመደብ ቁጥር የሚሰጠውን ዲጂታይዝን (digitize) ከመረጣችሁ ደግሞ ቁጥሮቹ ከ1 እንደሚጀምሩ፣ 0 ማለት ከመጀመሪያው ወሰን በታች እንደሆነ ልብ በሉ።

ከእያንዳንዱ ቆጠራ በኋላ የድግግሞሾቹን ድምር ከመዝገቦቹ ብዛት ጋር አስተያዩ። ነምፓይ ወሰኖቹን ስትሰጡት ከወሰን ውጭ ያሉትንም ባዶዎቹንም ዝም ብሎ ይጥላል። ድምሩ 23 ሆኖ ዓሣዎቹ 24 ከነበሩ አንዱ የት እንደሄደ ሳታውቁ ወደ ሥዕል አትለፉ።

ዝናብ፦ እኩል ያልሆኑ መደቦች

በባሕር ዳር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ የዓመት የቀን መዝገብ በዜሮ የተሞላ ነው። ዜሮውን ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት፦ ዝናብ የሌለባቸውን ቀናት ለብቻ ቆጥራችሁ በጽሑፍ ግለጹ፤ ሂስቶግራሙን ዝናብ ለጣለባቸው ቀናት ብቻ ሥሩ።

ትንንሽ ዝናብ ብዙ፣ ከባድ ዝናብ ጥቂት ስለሆነ ከባዱን በሰፊ መደብ መያዝ ተገቢ ነው። ያኔ የአሞሌው ቁመት ድግግሞሹ መሆን የለበትም፤ ድግግሞሹ ለስፋቱ ተካፍሎ ነው የሚሣለው። ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር 20 ቀን፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር 15 ቀን፣ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር 30 ቀን ተቆጥሯል እንበል። በጥሬው ብትሥሉት ረጅሙም ሰፊውም አሞሌ የመጨረሻው ሆኖ ከባድ ዝናብ የበዛ ይመስላል። ለስፋቱ ስታካፍሉ ግን በአንድ ሚሊ ሜትር 5፣ 3 እና 1.5 ቀን ይሆናል፤ ትክክለኛው መውረድ ታየ። ማትፕሎትሊብ ላይ «ዴንሲቲ» (density) ትሩ ሲባል ይህንኑ ሠርቶ አሞሌዎቹ በአጠቃላይ የሚሸፍኑትን ቦታ 1 ያደርገዋል። የቁመቶቹ ድምር 1 መሆን እንደሌለበት ግን እወቁ፤ 1 የሚሆነው የየቁመቱና የየስፋቱ ብዜት ድምር ነው።

በፓንዳስ ኪውከት (qcut) እኩል ቀን የሚይዙ መደቦች መሥራት ይቻላል። ለካርታ ቀለም ወይም ለሠንጠረዥ ይጠቅማል፤ ለሂስቶግራም ግን አሞሌዎቹ ሁሉ እኩል ስለሚሆኑ ምንም አያሳይም። ዜሮዎቹ ውስጥ ካሉ ደግሞ ወሰኖቹ ይደጋገሙና ስህተት ያወጣል።

ወርና ሰዓት

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለመደብ የተመቸ ነው። ከመስከረም 1 የሚቆጠረውን የቀን ቁጥር ካገኛችሁ ወሩ = ወለል((ቀን − 1) ÷ 30) + 1 ነው። የጎርጎርዮሱን 28፣ 30 እና 31 መያዝ አያስፈልግም። ጥንቃቄ የሚሻው ጳጉሜ ነው፦ 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ብቻ ስላላት የወር ጠቅላላ ዝናብ ስትሥሉ ክረምቱ ሳይወጣ ድንገት የቆመ ይመስላል። ሁሉንም ወር ለቀናቱ ብዛት አካፍላችሁ የቀን አማካይ ሥሩ።

የባጃጅ ጉዞ ወይም የገበያ ሽያጭ በሰዓት ስትመድቡ መዝገቡ በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) የተያዘ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከሆነ 3 ደምሩ። ከዚያ ወደ እኛ የሰዓት አቆጣጠር ለመቀየር 6 ቀንሳችሁ፣ 24 ጨምራችሁ፣ ለ24 ስታካፍሉ የሚተርፈውን ውሰዱ። ከቀኑ 13፡00 የሚለው 7 ይሆናል፤ 2፡00 የሚለው 20 ይሆናል፣ ማለትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት። 24 መጨመሩ ተጨማሪ ሥራ ቢመስልም በጃቫስክሪፕትና በሲ የአሉታዊ ቁጥር ተራፊ አሉታዊ ስለሚሆን ያስፈልጋል። ሥዕሉ ከንጋት 12 ሰዓት ይጀምርና ሌሊቱ በሁለት ጫፍ ሳይቆረጥ አንድ ላይ ይታያል።

የሐይቁ ከፍታ

የጣና ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዓመት ውስጥ ግን የሚወጣውና የሚወርደው ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መደቡን በ0.1 ወይም በ0.2 ሜትር ሥሩ፤ አግድም መስመሩም ከዜሮ አይጀምርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ያለው መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተሠርቷል፤ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ጀምሯል። ከእነዚህ በፊትና በኋላ ያለውን መዝገብ በአንድ ሂስቶግራም ማፍሰስ ሁለት የተለያየ የውሃ አያያዝን ይደባልቃል። በተጨማሪም የዛሬ ከፍታ የትናንትን ስለሚመስል 365 መዝገብ 365 ነጻ ልኬት አይደለም፤ ቀመሮቹ የሚሰጡት ስፋት ከሚገባው በላይ ጠባብ ይሆናል። ሰፋ አድርጉት።

መሣልና መፈተሽ

የቆጠራችሁትን ቆጠራ መልሳችሁ ለሂስቶግራም ፈንክሽን አትስጡ፤ ድግግሞሾቹን እንደ ጥሬ መረጃ ወስዶ እንደገና ይመድባቸዋል። በባር (bar) ሣሉ፤ ነገር ግን ማትፕሎትሊብ አሞሌውን በተሰጠው ነጥብ መካከል ስለሚያቆም የግራ ወሰኖቹን ከሰጣችሁት ሁሉም በግማሽ መደብ ወደ ግራ ይንሸራተታል። «አላይን»ን (align) «ኤጅ» (edge) አድርጉት። በፓንዳስ ቫልዩ ካውንትስ (value_counts) ከቆጠራችሁ ደግሞ ውጤቱ ከብዙ ወደ ጥቂት ተደርድሮ ስለሚመጣ በመደቡ ቅደም ተከተል መልሱት።

የባሕር ዳርንና የጎርጎራን ዓሣ ስታወዳድሩ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወሰን ስጡ፤ ብዛታቸው ከተለያየም በመቶኛ ሣሉ። የአማርኛ ጽሑፉ በባዶ ሳጥን ከተተካ የማትፕሎትሊብ ነባሪ ፊደል ግዕዝን ስለማይዝ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም በዊንዶውስ ላይ ኢብሪማን (Ebrima) ምረጡ።

ከዚያ መነሻውን አንድ አሃድ ወደ ቀኝ፣ አንድ አሃድ ወደ ግራ አንቀሳቅሱና እንደገና ሣሉ። በሦስቱም ሥዕል የሚታየውን ጉብታ በሪፖርታችሁ ጻፉ፤ በአንዱ ብቻ የታየውን ተዉት። ከሥዕሉ ሥርም ይህን የመሰለ መግለጫ አኑሩ፦ «የቆሮሶ ጠቅላላ ርዝመት፣ 24 ዓሣ፣ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር የተጠጋጋ፤ የመደብ ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር፣ መነሻ 12.5፤ የተጣለ መዝገብ የለም።»